ስለ ወይዘሮ የሺ የተሰጠ መልካም ምስክርነት

"ሥራህ ምንድን ነው?" ለብዙ ሰው ቀላል ጥያቄ ነው። ሹፌር ነኝ፣ ነርስ ነኝ፣ ሱቅ አለኝ ብሎ መገላገል ነው። እኔ ግን ሠርግም ሆነ ክርስትና ላይ ይህ ጥያቄ ወደ ጠረጴዛዬ ሲቃረብ ሳህኔን ይዤ ብነሳ ደስ ይለኛል። "ፍርድ ቤት ነው የምሠራው" ስል መጀመሪያ አክብሮት ይመጣል። ጠበቃ ነህ? አይደለሁም። ዳኛ? ኧረ የለሁበትም። አስተርጓሚ? እሱም አይደለሁም። ከዚያ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ወንበሩን ቀስ አድርጎ ሸሸት ያደርጋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰው ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ ቅጣቱ እስኪወሰን ጥቂት ሳምንታት አሉ። የእኔ ሥራ ያለው በእነዚያ ሳምንታት ውስጥ ነው። ዳኛዋ ከፊቷ የቆመውን ሰው የምታውቀው በአንዲት ቀኑ ብቻ ነው፤ ያውም በከፋችው። የቀሩትን ቀኖቹን ለቃቅሞ ማምጣት የእኔ ድርሻ ነው። የት ተወለደ፣ ምን ተማረ፣ ይጠጣል ወይ፣ ቢታሰር ማን ይጎዳል፣ ቢለቀቅስ ማን ይሰጋል? ቤቱ እሄዳለሁ፤ አሠሪውንና ጎረቤቱን አነጋግራለሁ፤ ያገኘሁትን ጽፌ ለዳኛዋ እሰጣለሁ። በወረቀት ላይ የፕሮቤሽን ኦፊሰር ነኝ። እዚህ ዴንቨር አጠገብ ያለችው የኦሮራ ከተማ ሐበሻ ግን፣ እኔ በሌለሁበት፣ "ጆሮ ጠቢው" ነው የሚለኝ።

ደግሞ እንደኛ ሰው ለዚህ ሥራ የማይመች የለም። የዚህን አገር ሰው ስለ ጎረቤቱ ስትጠይቁት "ብዙም አንቀራረብም" ብሎ በሩን ይዘጋል፤ ቢያንስ ተገላገላችሁ። የኛን ሰው ጠይቁት። "እሱ? እሱማ ወርቅ ነው!" ይላችኋል። ከመቼ ጀምሮ ያውቁታል ስትሉት "ኧረ ብዙም አላውቀውም" ይላል። አሥራ አንድ ዓመት በዚህ ሥራ ስቆይ ስለ ሐበሻ ተከሳሽ ክፉ የተናገረኝ ሐበሻ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የሰውየው ወንድም ነበር። ስለዚህ የኛን ሰው ሙገሳ በወጉ ጽፌ ብዙም ሳልመረኮዝበት ማለፍ ልማዴ ሆኖ ነበር። ወይዘሮ የሺ እስኪመጡ ድረስ።

ፋይላቸው ቀጭን ነበር። ባለፈው ዓመት ቅጠል በሚረግፍበት ሰሞን፣ አመሻሽ ላይ፣ ከኮልፋክስ ጎዳና ገባ ብሎ አንዲት ግራጫ መኪና ብስክሌት የሚነዳ ሰውዬ ገጭታ ሳትቆም ሄደች። ሰውየው የሬስቶራንት ምግብ አብሳይ ነው፤ ከሥራ ወደ ቤቱ እየተመለሰ ነበር። እግሩ ሁለት ቦታ ተሰበረ። አንድ መንገደኛ የታርጋውን ግማሽ ይዞ ስለነበር ፖሊስ በሁለተኛው ቀን መኪናዋ የቆመችበት አፓርትመንት ደረሰ። በር የከፈቱት ወይዘሮ የሺ ጥያቄው እንኳ ሳያልቅ "እኔ ነኝ" አሉ። መኪናዋ በስማቸው ናት፤ መንጃ ፈቃድም አላቸው። ፍርድ ቤት ቀርበው ያንኑ "እኔ ነኝ" ደገሙት። ቅጣቱ ለዳኛዋ ተተወ፤ ከክትትል እስከ እስራት የሚደርስ ነው። አማርኛ የሚችል ይሁንልኝ ስላሉ ፋይሉ እኔ ጠረጴዛ ላይ አረፈ። የማውቀውን ሰው ጉዳይ አልይዝም፤ እሳቸውን ግን አይቻቸውም አላውቅ።

ቢሮዬ የመጡት ከቀጠሯቸው ግማሽ ሰዓት ቀድመው ነው። የአምሳ ሰባት ዓመት ሴት ናቸው፤ አጠር ያሉ፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በሁለት እጃቸው የያዙ። አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ልብስ እጥበት ክፍል ይሠራሉ። ባለቤታቸው ካረፉ ቆይተዋል። አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ሊያ ትባላለች፤ ዴንቨር ውስጥ ነርስነት ትማራለች፤ ትምህርት ቤቷ አጠገብ ከጓደኞቿ ጋር ትኖራለች። ይህን ሁሉ ያለምንም ችግር ነገሩኝ። ወደ አደጋው ስንደርስ ግን አነጋገራቸው ተለወጠ፤ ቃል በቃል ያጠናችውን እንደምትደግም ተማሪ ሆኑ።

"መሽቶ ነበር፣ ሰውየውን አላየሁትም፣ ደነገጥኩ፣ ሄድኩ።"

"ከየት ነበር የሚመጡት?"

"ከቤት።"

"ወዴት?"

"ወደ ፊት።"

"ወደ ፊት" ብዬ ጻፍኩ። ምን ልበል? የሚዋሽ ሰው አያለሁ፣ በየሳምንቱ። የሚዋሽ ሰው ግን ጥፋቱን ለማሳነስ ነው የሚዋሸው፤ እኚህ ሴትዮ ሁሉንም ጠቅልለው እየወሰዱ ነው። ስለ ተጎጂው ስጠይቃቸው ደግሞ የተጠናው ሁሉ ጠፋ። የሰውየውን ስም ወረቀት ሳያዩ ጠሩልኝ፣ የሚስቱን ጭምር። በየቀኑ በጸሎታቸው እንደሚያነሱት ነገሩኝና ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። ያ ዕንባ የተጠና አልነበረም፤ ለዚህ እምላለሁ።

ስለ ባሕርያቸው የሚመሰክሩ ሦስት ሰዎች ጠቆሙኝ። ያው ወርቅ፣ ዕንቁ፣ አልማዝ ሊባልልኝ ነው ብዬ ስልኩን አነሳሁ።

መጀመሪያ እትዬ አሰለፈች ናቸው፤ በቤተ ክርስቲያን የእናቶችን ማኅበር የሚመሩ። "የሺ? ባለፈው ያ ሁሉ በረዶ ሲጥል፣ እኛ መኪና ያለን ሰዎች እቤታችን ተኝተን፣ እሷ በእግሯ ከች! ሁልጊዜ በእግሯ ናት። ልውሰድሽ ብትላት ሰው ላለማስቸገር እምቢ ትላለች።"

ሁለተኛዋ የመጦሪያው ኃላፊ ናት፤ የዚሁ አገር ሰው። "በስድስት ዓመት አንድ ቀን አላረፈደችም። ሁለት አውቶቡስ ቀይራ ነው እኮ የምትመጣው" አለችኝ። መኪና የላትም ወይ ብዬ ጠየቅኋት። "ያላት አይመስለኝም፤ ቢኖራት በዚያ ብርድ ፌርማታ ላይ ምን ያቆማታል?"

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ሦስተኛውን ሰው በስልክ ሳይሆን በአካል ላግኘው አልኩ።

ሦስተኛው አቶ ተፈራ ናቸው፤ ከወይዘሮ የሺ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ የታክሲ ሹፌር። በረንዳቸው ላይ ወንበር ሰጡኝና ለጎረቤታቸው ሊሞቱላቸው ተዘጋጅተው ጀመሩ። "በየቅዳሜው ገበያ የምወስዳት እኔ ነኝ። መንጃ ፈቃዱንማ ልጅቷ ጎትጉታት በሦስተኛው ሙከራ አወጣችው። አንድ ቀን ወጥታ የሱቁን ምሰሶ ገጨች፤ ከዚያ ወዲህ መሪ የሚባል ነገር ነክታ አታውቅም! እንዲህ ያለች ጠንቃቃ ሴት በምን ሕግ ነው የሚያስ..."

ሹፌር የነበረ ሰው ፍሬን መያዝ ያውቃል፤ የዛሬው ግን ከመስቀለኛው መንገድ ካለፉ በኋላ ነው።

"ማለቴ..." አሉ።

"ገብቶኛል አቶ ተፈራ" አልኳቸው።

ታች ወርጄ የወይዘሮ የሺን በር አንኳኳሁ፤ የቤት ጉብኝቱ የዚያኑ ቀን ነበር። ቤቱ ንጹሕ ነው፤ ግድግዳው ላይ ሊያ በየዓመቱ ትረዝማለች፤ የመጨረሻው ፎቶ ላይ ነጭ ጋዋን ለብሳ እናቷን በአንድ ራስ ትበልጣለች። በፎርሙ መሠረት የመኪናዋን የኢንሹራንስ ወረቀት ማየት ነበረብኝ። "መኪናው ውስጥ ነው፤ ላምጣ" ብለው ቁልፉን ይዘው ወጡ። ተከትያቸው ወጣሁ። እመኑኝ፣ ወጥመድ አልነበረም። ወረቀት ነው የጠየቅኩት።

ወይዘሮ የሺ ቁልፉን ወደ መኪናዋ ቀስረው ተጫኑ። የኋላ ኮፈኑ ብድግ አለ። ሌላውን ተጫኑ። መኪናዋ ኡኡታዋን ለቀቀችው! መብራቷ ብልጭ ድርግም፣ ጡሩንባዋ ሰማይ ጥግ። የቀረውን ሁሉ ተራ በተራ ተጫኑ፤ ይባስ ጮኸች። በየመስኮቱ መጋረጃ ተገለጠ። አቶ ተፈራ ከበረንዳቸው አንገታቸውን አውጥተው "የሺ! ኧረ ለልጅቷ ደውይላት! እሷ ናት የምታውቀው!" ብለው ጮኹ። ከዚያ እኔን አዩና አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

ቁልፉን ተቀብዬ አጠፋሁት። ወይዘሮ የሺ ቀና ብለው አዩኝ። እስከዚያች ደቂቃ "እርስዎ" ሲሉኝ የነበሩት ሴት ያን ጊዜ "ግባ" አሉኝ።

ገባሁ። በሩን ዘጉ።

"አንድ ዓመት ነው የቀራት" አሉ። "ይህ ነገር ስሟ ላይ ከተጻፈ ማን ነርስ ያደርጋታል?"

"ወይዘሮ የሺ፣ ይህን ለእኔ ሳይሆን ለጠበቃዎ ነው መንገር ያለብዎት።"

"ለአንተ ነው የምነግርህ። ዳኛዋ ጠይቅ ያለችህ ስለ እኔ ነው አይደል? ስለ እኔ ጻፍ። ሌላው ምን አገባህ?"

"ስለ እርስዎ ነው የምጽፈው። ስለ እርስዎ ያገኘሁት ደግሞ መኪና እንደማይነዱ ነው።"

ሳቅ የሚመስል ነገር ከአፍንጫቸው ወጣ። ከዚያ ቁጭ አሉና እንደ ትልቅ እህት ያስረዱኝ ጀመር። "እስር ቤት ብገባ ምን ያሠሩኛል? ልብስ ያሳጥቡኛል። እዚህስ ምን እሠራለሁ? ልብስ አጥባለሁ። የት እንደማጥብ ነው የሚለወጠው። እሷ ግን ከገባች ሌላ ሰው ሆና ነው የምትወጣው። ሒሳቡን አንተው ሥራው።"

ለካ ጸጸታቸው የእውነት ነበር፤ ጥፋቱ ብቻ ነው የሰው። ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ። እዚያ ሶፋ ላይ ተቀምጬ፣ እኔስ ብሆን ብዬ ሳላስብ አልቀረሁም። ግን ደግሞ ዴንቨር ውስጥ እግሩን ሰቅሎ የተኛ ምግብ አብሳይ አለ፤ ዳኛዋም የምትፈርደው እኔ በጻፍኩት ላይ ተመሥርታ ነው። ያንን ወረቀት አንዴ ካሳመርኩት ከዚያ በኋላ የምጽፈው ሁሉ ስለማንም ሰው ምንም አይልም። "ዛሬውኑ ጠበቃዎን ያነጋግሩ" አልኳቸው። "እኔ ነገ ጠዋት ለአለቃዬ እነግራለሁ። ያየሁትን አላየሁም አልልም።"

"አትልም?"

"አልልም።"

"እንግዲያው ደህና ዋል" ብለው በሩን ከፈቱልኝ። እንዲህ ያለ ትሕትና ከስድብ ይከፋል።

በማግስቱ ለአለቃዬ ነገርኳት፤ እሷም በወጉ ለሁለቱም ወገን ጠበቆች አስታወቀች። ታዲያ ወሬው ከእኛ ቢሮ ሳይሆን ከአቶ ተፈራ በረንዳ ተነሥቶ ኦሮራን ዞሮ ነበርና ከረፋዱ ጀምሮ ስልኬ አላረፈም። መጀመሪያ እትዬ አሰለፈች ደወሉ። "ያን ቀን ስለ የሺ የነገርኩህን አርምልኝ። ትነዳለች። በዓይኔ አይቻታለሁ።"

"መቼ ነው ያዩዋት?"

"ሁልጊዜ! እንደ ታክሲ ሹፌር ነው የምትከንፈው!"

"በበረዶው ቀንስ?"

"በበረዶው ቀን... ፓርኪንግ አጥታ ነው በእግሯ የመጣችው።"

ቀጥለው አቶ ተፈራ ደወሉ። እርጅና ነው፣ ሰው ተምታታብኝ፤ ምሰሶውን የገጨችው ሌላ የሺ ናት አሉኝ። ስንት የሺ ነው የሚያውቁት ብላቸው "ብዙ" አሉና ዘጉ። እንግዲህ ፍረዱኝ። አንዲት ሴት ለማዳን ብለው እውነት ሲናገሩ አሳልፈው ሰጧት፤ አሁን ደግሞ ለማዳን ብለው እየዋሹ አንዳቸውም አልተሳካላቸውም። ሐሰተኛ ምስክር እንዳይሆኑ እኔው ራሴ ለምኜ ዝም አሰኘኋቸው።

በሦስተኛው ቀን ሊያ መጣች። እኔ አልጠራኋትም። ከነሆስፒታል ልብሷ፣ ከነባጇ፣ ከልምምድ ቀጥታ ነው የመጣችው። እዚህ እንዳደጉ ልጆች ሁሉ ያለምንም ክፋት "አንተ" አለችኝ።

"አንተ ነህ ስለ እናቴ የምትጽፈው? ጋሽ ተፈራ ደወለልኝ። ጄይል ልትገባ ነው አለኝ። እውነት ነው?"

"ሊሆን ይችላል።"

"ኖ፣ ኖ። እሷ እኮ የትራፊክ ትኬት ነው፣ ቅጣት ከፍዬ ያልቃል አለችኝ። ሰውየውም ድኗል አለችኝ። ኬዙ አልቋል አለችኝ።"

"ወረቀቶቹን አላየሽም?"

ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብላ፣ ማየት እንዳልፈለገች ነገረችኝ። እናቷ አለቀ ስትላት አለመጠየቅ ይቀል እንደነበር፤ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ብስክሌት ባየች ቁጥር መንገድ ዳር ፓርክ አድርጋ ብስክሌቱ ከዓይኗ እስኪጠፋ እንደምትጠብቅ። በኋላም መኪናዋን እናቷ ቤት ትታ በባቡር እንደምትመላለስ። ቀጥላ "ያን ቀን እኔ..." ስትል እጄን አነሣሁ።

"ቆዪ ሊያ። አሁን የምትነግሪኝን እኔ ከሰማሁ እጽፈዋለሁ። መጀመሪያ ጠበቃ አነጋግሪ። ከዚያ መናገር ከፈለግሽ ተናገሪ።"

"እናቴ ካወቀች ትገድለኛለች።"

"እዚህስ የመጣሽው እሷን ፈቃድ ጠይቀሽ ነው?"

ራሷን ነቀነቀች። አይደለም ማለቷ ነው። ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠችና ስልኳን አወጣች። በመስታወቱ በኩል አያታለሁ። ጠበቃ እስክታገኝ አራት ቦታ ደወለች፤ በመካከሉ ከእናቷ ሦስት ጊዜ ተደወለላትና ሦስት ጊዜ ዘጋችው። እንደዚያች ልጅ ቆርጣ የተቀመጠች ሰው ያየሁት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሳቸውም እናቷ ናቸው፣ በዚያ የቤት ጉብኝት ቀን።

ሊያ ከጠበቃዋ ጋር ሆና ቃሏን ሰጠች። የወይዘሮ የሺ ጉዳይ ተሠረዘ፤ ፖሊስ ፊት የሐሰት ቃል በመስጠት ግን በቀላል ክስ ተጠየቁና የተወሰነ ሰዓት ያለ ደሞዝ እንዲያገለግሉ ታዘዙ። እኔ ምስክር ስለሆንኩ የሊያን ሪፖርት ሌላ ባልደረባዬ ያዘችው። እትዬ አሰለፈች ጋ ስትደውል ያገኘችው መልስ "ልጅቷን አውቃታለሁ፤ የቀረውን ራሷን ጠይቂያት" የሚል ብቻ ነው። አንዴ የተቃጠለ ምስክር እንዲህ ነው የሚጠነቀቀው።

ቅጣቱ በሚነገርበት ቀን ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ምግብ አብሳዩ በከዘራ ተደግፎ መጣና ዳኛዋ ስትፈቅድለት በአስተርጓሚ ተናገረ። አጭር ነበር። "አስፋልቱ ላይ ወድቄ የመኪናዋን የኋላ መብራት አየሁ። ፍሬን ያዘች፤ ቀዩ መብራት በራ። ተመለሰች ብዬ ደስ አለኝ። ከዚያ ሄደች። እስከ ዛሬ የሚያመኝ እግሬ ብቻ አይደለም፤ ያ ቀይ መብራትም ነው። ይህች ልጅ ዘግይታም ቢሆን ተመልሳለች። እኔ የምፈልገው ይህንን ነበር።"

ሊያ ተነሥታ ይቅርታ ጠየቀችው፤ ወደ ዳኛዋ ሳይሆን ወደ እሱ ዞራ፤ በስሙ ጠርታ። እናቷ አጠገቧ ነበሩ፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ልጃቸውን እንጂ ማንንም አላዩም። ዳኛዋ ሪፖርቱን ደግማ ገለጠችው። ከዚያ ሁለት ዓመት ክትትል፣ ብዙ ሰዓት አገልግሎት ፈረደች። መንጃ ፈቃዷም ተነጠቀ። እስራት የለም። ትምህርት ቤቷ ለአንድ ዓመት አገዳት፤ ከዚያ በኋላ የነርስ ፈቃድ ታገኛለች አታገኝም ገና አልታወቀም። እያንዳንዷን ወረቀት ግን ራሷ እየሞላች፣ የሆነውን ሁሉ በገዛ እጇ እየጻፈች ነው ብላኛለች ባልደረባዬ።

ወይዘሮ የሺን ያገኘኋቸው ከወራት በኋላ ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ኦሮራ ውስጥ አንድ የሐበሻ ሱቅ ውስጥ፣ ሽንኩርት ሲመርጡ። አላየሁም ብዬ በቅመሙ በኩል ልዞር ስል ቀደሙኝ።

"ልጄ አሁን እንቅልፍ ይወስዳታል" አሉኝ፤ ሰላም ሳይሉኝ።

"እግዚአብሔር ይመስገን።"

"አንተን ግን ይቅር አላልኩህም።"

"ይገባኛል።"

"አይገባህም። ልጆችህ ስንት ዓመታቸው ነው?"

"አሥራ አንድና ስምንት።"

"ሲያድጉ ይገባሃል።"

ሽንኩርታቸውን መምረጥ ቀጠሉ። መሄድ ይሻለኝ ነበር፤ ግን ሰውን መጠየቅ ሥራዬ ሆኖ ተጠናውቶኛል። "እስቲ በእውነት" አልኳቸው፤ "በእኔ ቦታ ሆነው ቢሆን ምን ይጽፉ ነበር?"

አንድ ሽንኩርት በእጃቸው ይዘው አሰቡ። በጥሞና አሰቡ፤ ፎርም እንደሚሞላ ሰው።

"እኔማ እዋሽ ነበር" አሉ በመጨረሻ። ሽንኩርቱን ከላስቲካቸው ጨመሩ። "ለዚህ ነው እኔን ያልቀጠሩኝ።"

ወደ ካሸሯ ሄዱ።